ማሳ የሚረግጠው አባቴ

ከቆቦ ወጣ ባለችው ቀበሌያችን፣ ጎርፍ ከተራራው ወርዶ ማሳ ካጠጣ በኋላ ማሽላ የሚዘራበትን ቀን የሚቆርጠው አባቴ ነው። ጫማውን አውልቆ መሐል ማሳ ይቆምና ዓይኑን ይጨፍናል። የጭቃውን ቅዝቃዜና ማጣበቅ በውስጥ እግሩ መርምሮ፣ "ነገ ዝሩ" ወይም "ሁለት ቀን አቆዩት" ይላል። የቸኮለ ሰው ዘሩ ይበሰብስበታል፤ የዘገየም መሬቱ ይደርቅበታል። ስለዚህ ከሮቢት አካባቢ እንኳ እየመጡ የሚጠሩት አሉ።

እኔ የአንደኛ ዓመት የጤና ተማሪ ነኝ። ለእረፍት ስመጣ ስለ ነርቭ የተማርኩትን ለቤተሰቤ ለማሳየት ጓጉቼ ነበር። አባቴ በረንዳ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ሳለ ጥጥና እስክሪብቶ ይዤ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

"አባዬ፣ መሬቱን እንዴት እንደምታውቀው ላስረዳህ። ከቆዳህ ሥር ጥቃቅን ተቀባዮች አሉ፤ አንዱ ንክኪን፣ ሌላው ግፊትን፣ ሌላው ቅዝቃዜን ይቀበላል። ወፍራሞቹ የነርቭ ክሮች ሽፋን ስላላቸው የንክኪውን መልእክት በፍጥነት ያደርሳሉ። ቀጫጭኖቹ ሙቀትንና ሕመምን ይዘው ቀስ ብለው ይመጣሉ።"

"ይህን ሁሉ ሳያውቅ ነው እንግዲህ የኖረው" አለች እናቴ ከውስጥ።

"ተያት፤ የላክናት ይህን እንድትነግረን አይደል?" አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ስነካው "አዎ" እንዲለኝ ነገርኩት። ጥጡን በአውራ ጣቱ ላይ ጎተትኩ። ዝም አለ። በውስጥ እግሩ አሳለፍኩት። ዝም። በእስክሪብቶው ጫፍ ቆዳው እስኪነጣ ተጫንኩ።

"ምነው፣ አትጀምሪም እንዴ?" አለ ዓይኑን እንደጨፈነ።

እናቴ የቀለደ መስሏት ሳቀች።

"አባዬ፣ አትቀልድብኝ።"

"ወላሂ አልነካሽኝም።"

ሌላኛው እግሩም እንደዚያው ነበር። ወደ ላይ ወደ ላይ ሄጄ ከጉልበቱ በታች ስደርስ ብቻ "አሁን ነካሽኝ" አለ። እግሩን ወደ ብርሃን ሳዞረው፣ በተሰነጠቀው ተረከዙ ውስጥ የግራር እሾህ ተሰብሮ ቀርቷል፤ ዙሪያው ጠቁሮ አብጧል። በቀን አምስት ጊዜ ለሰላት የሚታጠብ እግር ነው። እጁ ስንጥቁን ስለለመደው እሾሁን አልለየውም።

"ይህ መቼ ገባ?" አልኩት።

"የቱ?" አለና ጎንበስ ብሎ አየ።

አባቴ ስኳር አለበት። ክኒኑን ሲያመው ይውጣል፣ ሲሻለው ይተዋል። ስኳር ሲቆይ ረጃጅሞቹን ነርቮች ቀድሞ እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱም ከእግር እንደሚጀምር ፈተና ላይ በትክክል መልሻለሁ። ያን መልስ ስጽፍ የአባቴ እግር አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ይህን ሳስብ አንድ ጎረቤታችን ከግቢው በር ተጣራ።

"ጋሼ፣ ማሳው ጠጥቷል። ሰው ተሰብስቦ አንቱን ይጠብቃል።"

አባቴ ብድግ ሲል ዞረበትና የበሩን መቃን ያዘ። ያን ጊዜ ሌላው ትምህርቴ መጣብኝ። ሳናዘው የሚሠራ የነርቭ ሥርዓት አለ፤ ስንነሳ የደም ሥሮቻችንን ያጠብባል፣ ቆዳችንን በላብ ያወዛል። እሱም ተጎድቶ ይሆናል። ተረከዙ እንዲያ ደርቆ የተሰነጠቀው ለዚህ ይሆናል።

"በዚህ ቁስል ጭቃ ውስጥ አትግባ" አልኩት። "ከመረቀዘ እግርህን ልታጣው ትችላለህ።"

"ሰው ተልኮብኛል እኮ፣ ልጄ።"

"ገብተህስ ምን ትነግራቸዋለህ? ቅዝቃዜው ይሰማሃል?"

መቃኑን እንደያዘ እግሩን ቁልቁል አየ።

"ዓምና ከታች ያለውን ማሳ ዝሩ ያልኩት እኔ ነኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ዘሩ በሰበሰ። ሰዉ ጎርፉን አማረረ፤ እኔም ጎርፉ ነው አልኩ።"

እናቴ ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ያን ዓመት ከታች ያሉት ዘመዶቻችን ሁለት ጊዜ መዝራታቸውን ሁላችንም እናውቃለን።

"ለሰዎቹ ንገራቸው" አለው አባቴ ጎረቤታችንን። "እግሬ መሬቱን አያውቀውም። በእጃችሁ ቆፍራችሁ እዩት።"

"ጋሼ ደግሞ ይቀልዳሉ። ልጅዎ ከመጣች ወዲህ ስንፍና ለመዱ ልበል?"

አባቴ አልሳቀም። ተረከዙን አንስቶ አሳየው። ጎረቤታችን እሾሁን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ነጠላውን ከትከሻው ላይ ሰበሰበ።

"አላመመዎትም?" አለ።

"አላመመኝም። ነገሩ እሱ ነው" አለ አባቴ። "ባክህ፣ ወደ ማሳው ከመሄድህ በፊት ሐኪም ቤት የሚያደርሰኝ ባጃጅ ጥራልኝ።"