ከ«እናመሰግናለን» በፊት ያለችው ትንፋሽ

ጋሽ መክፈቻ ሲሉት አቤት ይላል። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ሰው በመንገዱ ላይ ቢፈለግ አይገኝም። ቁልፍ ቀራጭ ነው። ሱቁ ክንድን ቢዘረጉ ግድግዳ ለግድግዳ የምታስነካ፣ ወለሏ የነሐስ ብናኝ የጠገበ፣ እስከ ጣሪያዋ ያልተቀረጹ ቁልፎች የተንጠለጠሉባት ጠባብ ክፍል ናት። ዕድሜውን ሙሉ የሰው በር ሲከፍት የኖረ ሰው፣ የራሱ በር ግን የኪራይ ነው።

አሁን ታዲያ አከራዩ ሱቋን ሊሸጥ ተነሣ። «ቅድሚያው ያንተ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ግን ቁርጡን ንገረኝ» አለው። ገንዘቡ አለ። እሱና ሚስቱ ከአፋቸው እየነጠቁ ለዚሁ ለሱቅ መግዣ ያስቀመጡት ነው። እንግዲያው ምን ቀረው፣ ከፍሎ መገላገል ነው ትሉ ይሆናል። እሱም እንዲያ ቢል ኖሮ እኔም የማወራው ባላገኘሁ።

ጣጣው መደርደሪያው ጥግ የተቀመጠችው ሳጥን ናት። ታውቋታላችሁ፤ ደንበኛ በስልኩ ሲከፍል «ገንዘብ ገብቷል፤ እናመሰግናለን» የምትለዋ፣ የሳሙና ባኮ የምታክለዋ። የክፍያ ኩባንያው ለዳቦ ቤቱም ለፋርማሲውም ለፀጉር ቤቱም አድሏታል። በየሱቁ የምትናገረው ሴት የመክፈቻ ሚስት ናት። ከሞተች ቆይታለች።

ኩባንያው ሁለት ክፍል ውስጥ ታጭቆ ሲጀምር እዚያ ስልክ ተቀባይ ነበረች። አንድ ቀን ለድምፅ ባለሙያ የሚከፈል ቢጠፋ «ያንቺ ድምፅ ምን ይወጣለታል» ብለው፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ጋርደው ቀዷት። ደረቷ ያኔም ደህና አልነበረም። «ገንዘብ ገብቷል» ብላ፣ ትንሽ አየር ሳብ አድርጋ፣ «እናመሰግናለን» አለች። ያቺን ትንፋሽ ከእሱ በቀር የሚሰማት የለም። ልጁ እንኳ ጆሮዋን ሳጥኗ ላይ ለጥፋ «አባዬ፣ እኔ ምንም አይሰማኝም» ብላዋለች። እሱ ግን ደንበኛ በከፈለ ቁጥር ሞረዱን አስቀምጦ ይጠብቃታል።

በዚህ ወር ኩባንያው አክሲዮን ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። አሻሻጩ በየሱቁ እየዞረ ቅጽ ሲያድል፣ እንደ ዋዛ «ድምፁም ሊቀየር ነው፤ ዘመናዊ ይሆናል» ብሎ ወጣ። መክፈቻ ክው አለ። ባለ አክሲዮን ብሆን ባለቤት ነኝ፣ ባለቤት ከሆንኩ ደግሞ ድምፁን አትንኩብኝ ማለት እችላለሁ ብሎ አሰበ። ጎረቤቶቹ ቅጹን ዕቃ ሲጠቀልሉበት እሱ ስሙንና ስልኩን ሞላ። የገንዘቡን መጠን ግን ባዶ ተወው፤ አሻሻጩም ቅጽ ሊሰበስብ ሲመለስ እንዲሁ ወሰደው።

አክሲዮን ሊገዛ ማሰቡን ለልጁ ነገራት፤ ምክንያቱን ግን አልነገራትም፤ አፈረ። እሷ እንጨት ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። የሽያጩን መግለጫ አንድ ሳታስቀር አነበበችለት።

«አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች እስካሁን አትርፈው አያውቁም።»

«መንገዱ ሁሉ በነሱ አይደል እንዴ የሚከፍለው?»

«መክፈሉንማ ይከፍላል። ከያንዳንዱ ክፍያ የሚደርሳቸው ግን ሽርፍራፊ ነው። ተፎካካሪ ሲመጣ ያቺንም ይቀንሷታል። አንተ ደግሞ ቸግሮህ ልሽጥ ስትል፣ ገዥ መፈለጉ ያንተ ጣጣ ነው። የተረፈህ ገንዘብ ቢሆን ትንሽ ሞክር እልህ ነበር። ይሄ የሱቁ ነው። ሱቁ ከሄደ የት ቁጭ ብለህ ልትቀርጽ ነው?»

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ታጨልሚዋለሽ።»

አየት አደረገችው። «የእማዬ ነገር ይሆን እንዴ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ስለ ገንዘቡ ልክ መሆኗን ያውቃል። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ለአከራዩ ሊደውል ቆርጦ፣ ማሽኑን አጥፍቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ስልኩን አነሣ።

«ገንዘብ ገብቷል» አለች ሳጥኗ። «እናመሰግናለን።»

ስልኩን አየ፤ የገባ ነገር የለም። ብቅ ብሎ ውጭውን አየ፤ መንገዱ ላይ ከፀሐይ በቀር ማንም የለም። ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ። ትንፋሿ ትኑር አትኑር ልብ አላለም፤ ድንጋጤ ጆሮውን ደፍኖት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለመደባት። ሱቁ ጭር ሲል ጠብቃ ትናገራለች። ተንጠልጥለው የሚንኳኩት ቁልፎች ሳይቀሩ ዝም ያሉ ይመስለዋል። ፋርማሲስቱን «ያንተም ሳጥን ዝም ብላ ታወራለች?» ቢለው፣ «ጋሽ መክፈቻ፣ ብሎንዎ ሳይላላ አይቀርም» ብሎ ሳቀበት። መክፈቻም አብሮ ሳቀ። ሱቁ ተመልሶ ግን ሳጥኗን «ምን ልትዪኝ ነው? አክሲዮኑን ልግዛ?» አላት። ጥቂት ቆይታ «ገንዘብ ገብቷል» አለች። በቃ፣ ግዛ ማለቷ ነው አለ።

በቀብሯ ቀን የለበሰውን ኮት ለብሶ፣ ቼኩን በደረት ኪሱ ይዞ ሄደ። የሁለት ክፍሉ ኩባንያ ዛሬ አንገት እስኪያም ቀና ተብሎ የሚታይ ባለ መስታወት ፎቅ ሆኗል። ብዙ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ስሙን አስመዝግቦ፣ ወንበር ይዞ ተራውን ሲጠብቅ፣ ከጣሪያው ጠራችው። ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ።

«ወደ መጨረሻው መስኮት ይምጡ። እባክዎ አይዘግዩ፤ ሽያጩ ሊጠናቀቅ ነው።»

ድምፁ የእሷ ነው፣ ቅንጣት አይዛነፍም። ግን እሷ በትዳር ዘመናቸው አንድ ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «አንተ ሰውዬ» ነበር የምትለው። ሰው አጣድፋም አታውቅም፤ ወጥ እያረረ እንኳ «ይደርሳል» የምትል ሴት ነበረች። እነዚህን ቃላት ዕቃ ቤት ውስጥ አልተናገረችም። ደግሞ ያን ሁሉ ስትናገር አንዴም አልተነፈሰችም። አየር የማያስፈልገው ሰው እንደሚናገር ነበር የተናገረችው።

መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ፊቷ ፍልቅልቅ ነው። «ይቺ የምትጣራው ማናት?» አላት።

«ኮምፒውተር ነው፣ ጋሼ። ድሮ ከተቀዳ ድምፅ ተነሥተው ሠሯት። አሁን የፈለጉትን ያናግሯታል።»

«ሱቄ ውስጥ ማንም ሳይከፍል ታወራለች።»

ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየችና ፈገግ አለች። «ቅጹን ጀምረው አልጨረሱትም ነበራ። ላልወሰኑ ሰዎች፣ ሱቁ ጭር ሲል ድምፁ ከዚህ በሳጥኗ በኩል ይላክላቸዋል። እንዳይረሱን ነው። ይኸው መጡልን።»

መክፈቻ መስኮቱን ይዞ ቆመ። «ባለ አክሲዮን ብሆን ተዉ ማለት እችላለሁ?»

«እንዲህ ያለውንስ ባለ አክሲዮን አይወስንም፣ ጋሼ። ስንት ብዬ ልሙላልዎ?»

ከጣሪያው ደግማ በሙሉ ስሙ ጠራችው። ቼኩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«የሞተች ሚስቴን ነው የላካችሁብኝ» አላት። ልጅቷ አልገባትም፤ ይቅርታ ጠየቀችና ቀጣዩን ሰው አስጠራች።

ከዚያ በቀጥታ አከራዩ ቤት ሄዶ ከፈለ፣ ፈረመ። ሱቁ ገብቶ ሳጥኗን በመፍቻ ከፈታት። ሲም ካርዷን አወጣ፣ ባትሪዋን አወጣ፣ ቀፎዋን መጣል ግን አልሆነለትም፤ ጥግዋ ላይ መለሳት። ከዚያ አለቀሰ። በቀብሯ ቀን ያላለቀሰውን አለቀሰ፤ ዛሬ በገዛ እጁ ዝም ያሰኛት መስሎታል።

ልጁ ከሥራ ስትመጣ አንድም ሳይደብቅ ነገራት። ዓይኗን ጠራርጋ፣ መጥረጊያ አንሥታ ብናኙን መጥረግ ጀመረች። ሊዘጉ ሲሉ የቤቷ ቁልፍ የጠፋባት ሴት ገባች። ቀረጸላት፣ ጠርዙን ሞረደላት፣ እፍ ብሎ ሰጣት። ሴትዮዋ በስልኳ ከፍላ፣ መግባቱን አሳይታው ወጣች።

መክፈቻ በልማዱ ሞረዱን አስቀምጦ ጠበቀ። ያደረገውን ያስታወሰው ቆይቶ ነው፤ አፈረና ወደ ማሽኑ ዞረ።

ከጥግ፣ ባዶ ከሆነችው ቀፎ፣ አንዲት ትንፋሽ ሳብ አለች። ቃል አልተከተላትም።

መጥረጊያው ቆመ። ልጅቱ ቀና ብላለች፤ ዓይኗ ቀፎዋ ላይ ነው።

«አባዬ» አለች። «አሁን ሰማኋት።»