አሥራ ሁለት አንጓ

ይህ ነገር የደረሰብኝ፣ ወይም በትክክል ለመናገር እኔ በሰው ላይ ያደረስኩት፣ ግምገማ የሚባለው ነገር በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ በነገሠበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እግዚኦታ በደረሰ ቁጥር ግን ትናንት የሆነ ያህል ይመጣብኛል። ለሰው ልናገረው ብዙ ጊዜ ሞክሬ አፌ ላይ ሲደርስ እየመለስኩት ኖሬአለሁ። ዛሬ ልጻፈው።

አቃቂ ተወልጄ ያደግሁ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። እዚያው አቃቂ ሃያ ስንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ተማሪዎቼ «ራዳር» ይሉኝ ነበር። ሊያሾፉብኝ ያወጡት ስም ቢሆንም እኔ በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ እየጻፍኩ እንኳ ከኋላዬ ማን ከማን እንደሚኮርጅ አውቃለሁ ብዬ የምኩራራ ሰው ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ሐኪም ለመሆን የሚፈልጉ ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች የሚቀመጡበት አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና በእኛ ትምህርት ቤት ተሰጠ። ባለፈው ዙር መልስ ተሽጧል የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶት ስለነበር ቁጥጥሩ ጠብቆ ነበር። ለፈታኝነት የተመደብነውን ሰብስበው ገለጻ ሰጡን። ገለጻውን የሰጠን ሰውዬ እጁን ከፍ አድርጎ፣

«አውራ ጣቱ ጠቋሚውን ከነካ ኤ ማለት ነው። መሃል ጣቱን ከነካ ቢ። የቀለበት ጣቱን ሲ፣ ትንሿን ዲ። አራት ምርጫ፣ አራት ጣት! ተግባባን?» አለን።

ተግባባን። እኔማ ማስታወሻዬ ላይ እጅ ሥዬ በየጣቱ ላይ ፊደሉን ጻፍኩበት።

የፈተናው ዕለት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። እኔ በያዝኩት ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ አንዲት ነርስ ተቀምጣለች። ስሟን ቀይሬ ጽጌ ልበላት። ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀጭን ናት፤ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አስራለች። መጀመሪያ ላይ እያቀረቀረች ትጽፍ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ እርሳሷን አስቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። ግራ እጇ በወንበሩ ጎን ወደ ታች ወርዷል። አውራ ጣቷ ጠቋሚዋን ነካ። ቀጥሎ መሃል ጣቷን። ከዚያ የቀለበቱን፣ ከዚያ ትንሿን። እንደገና ተመልሶ ከጠቋሚዋ ጀመረ። ከኋላዋ የተቀመጠው ወጣት ደግሞ ዓይኑ ወደ እሷ ነበር።

ልቤ ዘለለ። እውነቱን ለመናገር የዘለለው በደስታ ነው። አዳኝ ድኩላ ሲያይ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

«አንቺ! እጅሽን!» ብዬ ጮህኩ።

ደንግጣ ዓይኗን ገለጠች። ክፍሉ በሙሉ ዞረ።

«መምህር፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በይ! አንድ ቃል እንዳይወጣሽ!»

የፈተና ወረቀቷን ነጠቅኳት። የወጣቱንም ወሰድኩ። የደንብ ጥሰት የሚመዘገብበት ቅጽ ላይ «በጣት ምልክት መልስ ስታስተላልፍ በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እሷ እንድትፈርም ስሰጣት «አላጠፋሁም» ብላ ጻፈችበት። ስትወጣ ዣንጥላዋን ረስታ በዝናቡ ውስጥ ሄደች። ዣንጥላዋን ለጥበቃው ሰጠሁት፤ መጥታ አልወሰደችውም።

በሳምንቱ በመምህራን ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ አቶ ግርማ ከመቀመጫዬ አስነስቶ አመሰገነኝ። «ንቁ ፈታኝ» ተባልኩ። ተጨበጨበልኝ። በወሩ መጨረሻ ጽጌ ውጤቷ እንደተሰረዘና ሦስት ዓመት እንዳትፈተን እንደታገደች ሰማሁ። እጇ ነው ያመጣባት አልኩና ምሳዬን በላሁ።

ነሐሴ ገባ። የፍልሰታ ምሕላ ነበር። ከባለቤቴ ከአስቴር ጋር በየቀኑ ሄደን ከሰዓት እስኪሆን እንቆማለን። በአንደኛው ቀን ካህኑ እግዚኦታ አሉ። እግዚኦታ ለማያውቀው «አቤቱ ማረን» እያሉ ደጋግሞ መለመን ነው፤ አርባ አንድ ጊዜ ይባላል። ሕዝቡ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ። እኔም ጀመርኩ። መሃል ላይ ወደ ታች ብመለከት ግራ እጄን አየሁት። አውራ ጣቴ ጠቋሚዬ ላይ ነበር። ቀጥሎ መሃል ጣቴ ላይ፣ ከዚያ የቀለበቱ፣ ከዚያ ትንሿ።

እየቆጠርኩ ነበር። በልጅነቴ አባቴ ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ያስተማረኝ አቆጣጠር ነው። አንድ ጣት ላይ ሦስት አንጓ አለ፤ በአራት ጣት አሥራ ሁለት። አውራ ጣት በእነዚህ ላይ ሦስቴ ይዞርና አምስት ይጨመርበታል፤ አርባ አንድ ሞላ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ስቆጥር እጄን አይቼው አላውቅም ነበር። ሰው የራሱን እጅ አያይም።

ያኔ ገባኝ። ያቺ ልጅ የከበዳት ጥያቄ ላይ ደርሳ ዓይኗን ጨፍና አምላኳን ስትለምን ነው ያገኘኋት። ከጥፋቱ የሚያወጣኝ ሰበብ ፈለግሁ፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ምናልባት ሁለቱንም ታደርግ ይሆናል አልኩ። ግን ዓይኗን ጨፍና ነበር። ለሰው ምልክት የሚሰጥ ሰው ዓይኑን አይጨፍንም።

ወደ ቤት ስንመለስ ለአስቴር ነገርኳት። መንገዱ መሃል ላይ ቆመች።

«ታዲያ ነገ ሄደህ ተናገራ! ተሳስቼ ነው በል። ምን ይሉሃል?»

«እሺ» አልኳት። በማግስቱ የሄድኩት ግን ወደ አቶ ግርማ ነው። እሱ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማኝ ወዳጄ፣ ፈርመሃል። አሁን ተሳስቻለሁ ብትል፣ ተከፍሎት ነው ቃሉን የለወጠው ይሉሃል። መስከረም ላይ ግምገማ አለ። የምክትልነት ቦታው ደግሞ ያንተ ነው እየተባለ ነው። ዝም በል። ጥፋት የለብኝም ካለች ፍርድ ቤት አለ፤ እዚያ ትናገር።»

ዝም አልኩ። ለአስቴር «ነግሬአቸዋለሁ፣ እየታየ ነው» አልኳት። ሚስቴን ስዋሽ ያ የመጀመሪያዬ ነበር ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል፤ እንደዚያ የከበደኝ ግን አልነበረም።

ጽጌ በእርግጥም ፍርድ ቤት ሄደች። ውጤታቸው ከተሰረዘባቸው ብዙዎቹ ተስፋ ቆርጠው ቀሩ፤ ከኋላዋ የነበረው ወጣትም የት እንደገባ አልታወቀም። እሷ ግን ከሰሰች። የምስክርነት መጥሪያ ሲደርሰኝ ኅዳር ነበር።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ጽጌ ያንኑ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ጠበቃ አልያዘችም። ቆማ ለዳኛዋ፣ «ክብርት ሆይ፣ በአንጓዬ እግዚኦታ እየቆጠርኩ ነበር። ከልጅነቴ የለመድኩት ነው፤ ሲጨንቀኝ እጄ ራሱ ይጀምራል» አለች። የፈታኙ መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ፈገግ ብሎ፣ ጸሎት በልብ እንጂ በጣት እንዳልሆነ ተናገረ። አንዳንድ ሰው ሳቀ።

እኔ ተጠራሁ። ቀኝ እጄን አንስቼ እውነት ልናገር ማልኩ። ያየሁትን ተናገርኩ፤ ጠቋሚ፣ መሃል፣ የቀለበት፣ ትንሿ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ምስክር፣ ከሳሽ እንደምትለው ያ ጸሎት ሊሆን ይችላል? እንዲህ ያለ አቆጣጠር ያውቃሉ?»

እግዚአብሔር በሩን ከዚያ በላይ ወለል አድርጎ ሊከፍትልኝ አይችልም ነበር። አንድ «አዎ» ብቻ ነው የሚፈለግብኝ። አቶ ግርማ ከኋላ ተቀምጦ ነበር።

«እኔ ያየሁት የጣት እንቅስቃሴ ነው። ስለ ሌላው አላውቅም» አልኩ።

በዚህ ጊዜ ጽጌ ድንገት ብድግ አለች። ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ፣ «እጁን! ክብርት ዳኛ፣ እጁን ይዩልኝ!» ብላ ጮኸች። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉና፣ «ተቀመጪ! ሳይፈቀድልሽ አትናገሪ!» አሏት። ተቀመጠች። እኔ ያን ጊዜ የሐሰት ምስክር ያነሳውን እጅ እዩት ማለቷ መስሎኝ ነበር። አንገቴን ደፋሁ።

«የሚጨምሩት አለ?» አሉኝ ዳኛዋ።

«የለኝም።»

ክሱ ውድቅ ሆነ። እኔም ምክትል ርዕሰ መምህር ሆንኩ። በጸሎታችን ላይ «አውቄ በድፍረት፣ ሳላውቅ በስሕተት የሠራሁትን» እንላለን። ሐምሌ ላይ የሠራሁት ሳላውቅ በስሕተት ነው። የኅዳሩ ግን አውቄ በድፍረት ነው፤ እሱን ይቅር የሚለኝ ካህን አላጣሁም፤ የበደልኳት ግን ልጅቷን ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ፣ ራሴን ያዞረኝ ጀመርና ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ አውጥቼ ተራዬን ጠብቄ ገባሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ነርስ ካርዴን ተቀብላ አነበበች። ረጅም ጊዜ አነበበችው። ቀና ስትል አወቅኋት። ከስታለች፤ ማተቧ ያው ነው።

«ክንድዎን ይስጡኝ» አለች።

ደም ግፊቴን ለካች። ከዚያ የእጄን አንጓ ይዛ ሰዓቷን እያየች የልቤን ምት መቁጠር ጀመረች። ልቤ እንዴት እንደሚመታ ታውቁታላችሁ። መቻል አቃተኝ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም ይበሉ ጋሼ። እየቆጠርኩ ነው።»

ስትጨርስ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፈች።

«ያን ጊዜ አውቅ ነበር» አልኳት። «ፍርድ ቤት ስቆም አውቅ ነበር። ጸሎት መሆኑን።»

«እኔም ማወቅዎን አውቃለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «እየመሰከሩ ግራ እጅዎ ይቆጥር ነበር። በዚህ በኩል ወደ ታች አድርገውት። እኔ እንደምቆጥረው ነው የሚቆጥሩት። ይዩልኝ ብዬ ብጮህ ማን ሰማኝ?»

እንደገና ተፈትና እንደሆነ ጠየቅኳት። እገዳዋ ሲያልቅ ነርሶችን የሚቀበለው ዕድል ተዘግቶ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ልጅ ወለደች፤ እናቷም ታመሙባት። ይቅር በይኝ አልኳት። መስኮቱን ትንሽ አየችና፣ «ጨው ይቀንሱ። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ» አለች። ከበሩ ውጪ የተሰለፈ ሰው ነበር፤ ቀጣዩን ጠራች።

ይኸው እስከ ዛሬ ጨው ቀንሼ፣ መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እኖራለሁ። የእሷን ያህል ጠንቅቆ የመረመረኝ ሐኪም እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ስንት ሰው ሐኪሙን እንዳሳጣሁት ይቆጨኛል። አስቴር እውነቱን ሁሉ ስነግራት ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ ልክ ናት።

እግዚኦታ ሲደርስ አሁንም አውራ ጣቴ ሳላዘው ይጀምራል። አላቆመውም፤ ግን አየዋለሁ። ዳኛዋ የሚጨምሩት አለ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ የለኝም ብዬ ነበር። ነበረኝ።