የሩቅ እናት ማዘያ

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የተጀመረው። አክስቴ መርካቶ ሰልባጅ በምትሸጥበት ሱቅ አዲስ ቦንዳ ተፈታ። ከሹራቦቹ መሃል ረጃጅም ማሰሪያ ያለው፣ በጥልፍ የተሞላ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ወጣ። አክስቴ መጋረጃ መሰላት። እኔ ግን የመመረቂያ ጽሑፌን ስለ ሽመና ስሠራ እንዲህ ያለውን በፎቶ አይቻለሁ። በእስያ ተራሮች ያሉ ሞንግ የሚባሉ ሕዝቦች ልጅ የሚያዝሉበት ነው። ፊደል ያልነበራቸው እናቶች የዘር ታሪካቸውን ያቆዩት በእንዲህ ያለ መርፌ ሥራ ነው። ጥልፉ የሕፃኑም ነፍስ ርቃ እንዳትጠፋ ይጠብቃል ይላሉ።

ውስጡን ስዳብሰው መሃሉ ጎድጉዷል። ልጁ የተቀመጠበት ቦታ ነው። እጄን ቶሎ አነሳሁ። እናቱ እንዴት ለቀቀችው? ልጁስ?

«የተማረች ልጅ ጨርቅ ትፈራለች?» ብላ ሳቀች አክስቴ። «ቆራርጠን ለትራስ ልብስ እንሸጠዋለን።»

«እትዬ፣ ለእኔ ይሁን» አለች ልብስ የምትለይላት ሴት። ትልቋ ልጇ ሕፃን ወንድሟን በነጠላ አዝላ አጠገቧ ቆማለች። እሱ ከተወለደ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ ነገም ከቀረች ቦታዋ ለሌላ እንደሚሰጥ ተነግሯቸዋል። «በዚህ ብታዝለው ወገቧን አያማትም።»

«ትምህርቷስ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ታዲያ አንቺ ታዝይልኛለሽ?»

አክስቴ ጨርቁን እየሰጠቻት ሁለቱም ሳቁ። አንገቴን ደፋሁ። ልጅቷ ማሰሪያውን ደረቷ ላይ አጣምራ አሰረችው። የማላውቃት ሴት ልጇን ልትጠብቅበት የሰፋችው ጨርቅ፣ ዓይኔ እያየ ሌላዋን ልጅ አሰራት።

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ የሕፃን ትንፋሽ ማጅራቴን ነካኝ። ዞርኩ። ከኋላዬ የነበረው ሽንኩርት የሞላው ጆንያ ብቻ ነው። እስክወርድ ድረስ ትንፋሹ አልተወኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ደርሼ ለሴትየዋ ጀርባዬን ሰጠኋት።

«አሳዝዪኝ» አልኳት። «ሥራ እስካገኝ ድረስ በትምህርት ሰዓት ሕፃኑ እኔ ጋ ይሁን።»

ፊቴን አየችና ሕፃኑን በዚያው ጨርቅ ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝ። በደጅ የሚያልፍ ተሸካሚ ጭነቱን እንደያዘ ቆመ። «እንዴ እህቴ! ሠርጉን ሳንበላ ወለድሽ?»

ፊቴ ጋለ። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ፣ ወንድሟን ደጋግማ እያየች ቆማ ነበር።

«ሂጂ፣ ይረፍድብሻል» አልኳት።

ሮጠች። ሕፃኑ ጉንጩን ጀርባዬ ላይ ጣለ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ የልጆቹን ሹራብ ከአዋቂዎቹ መለየት ጀመርኩ።