የዲኤክሷ ጉሮሮ

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ቶርኖ ቤት ብረት ስቀርጽ ዝምተኛ ነኝ፤ ከዚያ በር ከወጣሁ በኋላ ግን ሰልፍ ሲረዝም፣ ሚኒባስ እስኪሞላ ሲቆም፣ ያዘዝኩት ሻይ ሲዘገይ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ከአንድ የግፊት መለኪያ ጌጅ ጋር ሦስት ቅዳሜ ስጨቃጨቅ መዋሌን የሚያውቁኝ ሰዎች እስከ ዛሬ አያምኑም።

ነገሩ የጀመረው አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ የሠራባትን ዲኤክስ ለእኔ ሲሰጠኝ ነው። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ሰማያዊና ነጭ ቀለሟን ቀየርኩ፣ የኋላ ወንበሯን አወጣሁ፣ መንገድ ተዘግቶ በሚደረግ ውድድር ላይ ልነዳት ተነሣሁ። አባቴ ቁልፉን ሲያቀብለኝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እንደፈለግሽ አድርጊያት፤ ሞተሯን ብቻ እንዳትገድዪብኝ።"

ያሳደገን እሱ ሞተር ነው። ቃል ገባሁለት።

ችግሩ፣ ዲኤክሷ አትሮጥም። ስረግጣት ትንሽ ትነሣና ወዲያው ትንፋሽ ያጥራታል። አርጅታለች ብዬ ደመደምኩ። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመለስ ለሞተር ጉልበት የሚጨምረውን ጋዝ፣ የናይትረስን ዕቃ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት፤ ባዶ ጠርሙስ፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ቫልቮች፣ ቱቦዎችና መጫኛ ቁልፍ ይዞልኝ መጣ። ካርቡሬተሩ ሥር ገብቶ ጋዙንና ቤንዚኑን የሚረጨውን ወፍራም ብረት እኔው ሠራሁት። ጋዙን የት እንዳስሞላሁት ግን አትጠይቁኝ፤ በሕጋዊ መንገድ ነው፣ ምልልሱ ግን ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ናይትረስ ካልተጠነቀቁለት ሞተር ገዳይ ነው። ጋዙ እሳቱን ያበረታል፤ የበረታ እሳት ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል፤ ቤንዚኑ ከጋዙ እኩል ካልደረሰ እሳቱ ፒስተኑን ያቀልጠዋል። ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ለአዲሶቹ መኪኖች ኮምፒውተር ያስብላቸዋል፤ ለካርቡሬተር መኪና ግን የሚያስብለት ሰው ነው።

ለእኔ ያሰበልኝ ጓደኛዬ ነው። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ወላጆቹ ከስልጤ መጥተው አቃቂ ሱቅ የከፈቱ፣ እሱ ደግሞ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለች ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ፣ ቁጣዬን ከሰፈሩ ሁሉ በላይ የሚችል ሰው። ከኋላ፣ ታንከሩ አጠገብ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አሰርን። ከፊት የቤንዚኑን ግፊት የሚወስን ሬጉሌተር ገባ፤ ከዚያ አንዱ ቱቦ ለካርቡሬተሩ፣ አንዱ ለጋዙ። ጌጁን መሪ ይዤ እንዳየው ከመስታወቱ ውጭ ኮፈኑ ላይ ገጠምነው። ፓምፑን ስናስነሣ መርፌው ልክ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ቀጥ አለ። "አለቀ!" ብዬ ወደ ጋዙ ጠርሙስ ስሄድ ጓደኛዬ እጄን ያዘኝ።

"ቆሞማ ሁሉም ቀጥ ይላል" አለኝ። "እየፈሰሰ እንየው።"

ሞተሩን አጠፋን፤ ሲጋራ የያዘ ሁሉ ከግቢ ወጣ። ለጋዙ የሚሄደውን የቤንዚን ቱቦ አፍ ጄሪካን ውስጥ ከቶ ቫልቩን ከፈተው። ቤንዚኑ መፍሰስ ሲጀምር መርፌው ቁልቁል ወረደ።

"እዚህ ላይ ጋዝ ብትለቂ ፒስተኑን በማንኪያ ነው የምንለቅመው" አለ።

ያን ቅዳሜ ፊልትሮውን ቀየርን፤ መርፌው ወረደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ አወጣን፣ ፓምፑንም በሌላ ለወጥነው፤ ወረደ። በሦስተኛው ከታንከሩ እስከ ሞተሩ የሚሄደውን የብረት ቱቦ በኮምፕሬሰር ነፋንበት። አየሩ በዚያኛው ጫፍ ሲያፏጭ "መንገዱ ክፍት ነው" ተባባልን። መርፌው አሁንም ወረደ። አባቴ ይህን ሁሉ ጊዜ ግድግዳውን ተደግፎ፣ በፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ሬዲዮኑን እያዳመጠ ያየናል። እሱም አናደደኝ። ዕድሜውን ሙሉ በዚህች መኪና ያደረ ሰው እንዴት አንድ ምክር ያጣል?

በመጨረሻ የያዝኩትን የብሎን መፍቻ ኪያቤ ወረወርኩት። "በቃ! ጋዙን ቀንሰን በትንሹ እንለቀዋለን!"

"እኔ የለሁበትም" አለ ጓደኛዬ፤ የቫልቩን ገመድ ከባትሪው ነቀለው።

መልሼ ሰካሁት። ሞተሩን አስነሣሁና የጠርሙሱን መክፈቻ ያዝኩ። ያን ጊዜ አባቴ ከወንበሩ ተነሣ።

"ተይ" አለኝ። "አጥፊያት። ከታንከሩ ስትወጪ ያለችውን የመጀመሪያዋን መጋጠሚያ ፍቻት።"

"ነፋንበትኮ፣ አባዬ!"

"አየር ታሳልፋለች። ፍቻት አልኩሽ።"

አጠፋኋት። መኪናዋ ሥር በጀርባዬ ገብቼ መጋጠሚያዋን ፈታሁ። መዳፌ ላይ አንዲት የነሐስ ውታፍ ወደቀች፤ ከትንሽ ጣቴ ጫፍ አትበልጥም፣ መሐሏ ላይ መርፌ የሚያሾልክ ቀዳዳ አላት። ዝገት አይደለችም፣ ቆሻሻ አይደለችም። እንጀራዬ ነውና ዓይኔ አልሳተም፤ ሰው ለክቶ፣ ቀርጾ፣ ጠርዟን ሞርዶ የሠራት ናት።

"ማነው ይቺን እዚህ የወተፈው?" ብዬ ከሥር ጮህኩ።

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ።

ከመኪናዋ ሥር እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። "ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እያየኸን?"

"እስኪታክትሽ ነበር የጠበቅሁት። የማይታክትሽ ሆነሽ አረፍሽው።" ጎንበስ ብሎ ኪያቤውን ከመሬት አነሣና በልብሱ ጠረገው። "አንቺ ሳትወለጂ ከአቃቂ እስከ መርካቶ የሚቀድመኝ ሹፌር አልነበረም። ሁለቴ ተገልብጫለሁ፤ አንዱን እናትሽም አታውቅም። አንቺ የተወለድሽ ሳምንት ሄጄ አስቀረጽኳት። እግሬን አላምነውም ነበር። ብረግጣትም እንዳትሄድልኝ ነው።"

እኔ የማውቀው አባቴ የአቃቂ ቀርፋፋው ሹፌር ነበር። ባጃጆች ሲቀድሙን ክላክስ እያደረጉ ይስቁብን ነበር፤ ተሳፋሪ ተማርሮ መንገድ ላይ ይወርዳል፤ እዚህ የማልጽፈው ቅጽል ስም እንኳ ወጥቶለታል። ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ልጆቹ እንዳያዩኝ ወንበሩ ላይ እሸጎጥ ነበር። ፈሪ ነው ብዬ ነው ያደግሁት፤ የእኔን ቁጣ ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ በእናቴ ወገን ያመካኛል። ለካ ያን ሁሉ ሳቅ እየሰማ ሊነቅላት የሚችላትን ውታፍ ሳይነቅል ኖሯል። ለሥራ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረበትን አንድ ምሽት አላስታውስም፤ ለዚህም አንድ ቀን አመስግኜው አላውቅም ነበር።

"ታዲያ አሁን ለምን ነገርከኝ?" አልኩት።

"ዝም ብልሽ ልትገድዪያት ነው።" ኪያቤውን አቀበለኝና "ደግሞ አንቺ ሦስት ቅዳሜ ስትለኪ አይቻለሁ" አለ። "እኔ አንድ ቀንም ለክቼ አላውቅም።"

መጋጠሚያዋን ያለ ውታፏ መለስናት። ቤንዚኑ ጄሪካኑ ውስጥ ሲንዶቀዶቅ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ጓደኛዬ "ጋሼ፣ እርስዎ ግን ጉድ ነዎት!" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አባቴን ጉንጩን ሳምኩት። ጓደኛዬንማ እጄን በመያዙ፣ ገመዱን በመንቀሉ እስከ ዛሬ አመስግኜ አልጨረስኩም።

በማግስቱ ጠዋት ከኮዬ ፈጬ ወዲያ፣ ገና ለመኪና ወዳልተከፈተ አዲስ አስፋልት ሄድን። የመንገዱ ሥራ ዘበኛ ፈቀደልን፤ ጓደኛዬ ከወዲያኛው ጫፍ ቆሞ መንገዱ ባዶ መሆኑን በስልክ ነገረን። አባቴ ጋቢና ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። እሱ በሌለበት ጋዝ አይከፈትም ብሏል። መጀመሪያ ያለ ጋዝ ረገጥኳት። ያቺ አርጅታለች ያልኳት ዲኤክስ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ትስፈነጠራለች። መርፌው ቀጥ እንዳለ ነው።

"ጋዙስ?" አለ አባቴ።

"ልጫነው?"

"ጫኚው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!"

ቁልፉን ጫንኩት። ወንበሩ ጀርባዬን መታው፣ የኮንዶሚኒየሙ ሕንጻዎች ወደ ኋላ ተጠረጉ፣ ከጎኔ የማላውቀው ሳቅ ሰማሁ። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳቅ ነው፤ እጁን ዳሽቦርዱ ላይ እየመታ "ሂጂ! ሂጂ!" ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ሰረቅ አድርጌ አየሁት። አባቴ እኔ ስወለድ በገዛ እጁ ያሰናበተው ያ የማይቀደም ሹፌር ነበር። እግዜር ይስጠው፣ ለአንድ እሁድ ጠዋት አምጥቶ አስተዋወቀኝ።