የመስመር መርዶ

በስደት በምንኖርበት ሆሎዌይ በሚባል ሰፈር፣ የግቢያችን መግቢያ ላይ ካርታ ተለጥፎ ነበር። የፓርላማ ምርጫ ክልሎችን ድንበር እንደገና ሊያሰምሩ ነው፤ ተቃውሞ ያለው ያቅርብ ይላል። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነውና በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። መስመሩ ግቢያችንን ለሁለት ይከፍለዋል። የኔ ሕንፃ ወዲህ፣ የእማማ ሕንፃ ወዲያ።

እማማ የምንላቸው ከግቢው ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አገር ቤት ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። የትልቁን ቪዛ የሚከታተልላቸው የሰፈራችን የፓርላማ ተወካይ ነው። መስመሩ ከዞረ ጉዳያቸው ወደማያውቁት ሰው ይሄዳል። ካርታ ላይ የሚያሰምር ሰው ምን ቸገረው።

ተቃውሞው ላይ እንዲፈርሙ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ልንነግራቸው ተስማማን። ሁላችንም ሥራ ስላለብን ሳይነጋ ሄድን። ብርድ ነበርና ጥቁር ካፖርት ለብሰናል። ጅሎች ነን። ሦስት ሐበሻ ጎህ ሳይቀድ፣ ጥቁር ለብሶ በር ሲያንኳኳ ምን ማለት እንደሆነ አንዳችንም አላሰብንም።

በሩን ከፍተው አዩን። ፊታቸው ላይ የነበረው ሰው ወጥቶ የሄደ መሰለኝ።

«የትኛው ነው?» አሉ።

«እማማ፣ መርዶ አይደለም። የምርጫው መስመር ነው።»

«መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚባለው። ባሌ የሞተ ጊዜም ታሟል ነው ያሉኝ።»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ተቀመጡ። አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻለን ነበር።

ትልቁ ልጃቸው ጋ ደወልን። አነሳ። «እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» አላቸው። ብዙ ካዳመጡት በኋላ ስልኩን መለሱልኝ።

«ይሄ ታናሹ ነው። የሄደብኝ ትልቁ ነው።»

«እማማ፣ እሱ ራሱ ነው፤ ይኸው በቪዲዮ ይዩት።»

ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «መልካቸውም አንድ ነው» አሉ።

ተቃውሞውን አልፈረሙም። «ለሞተ ሰው ቪዛ ምን ያደርጋል? ተወካዩን አትድከም በለው» አሉኝ። መስመሩም ካርታው ላይ እንደነበረው ተሰመረ።

እሁድ እሁድ ለትልቁ ልጃቸው ስልክ የምደውልላቸው እኔ ነኝ። ታናሹ ነህ ሲሉት መጀመሪያ ይከራከር ነበር፤ ኋላ ያለቅስ ነበር፤ አሁን ትቶታል።

«የወንድምህን መቃብር አሠራኸው?» ይሉታል።

«አዎ እማዬ፣ አሠራሁት።»

«ስሙንስ?»

«አስጻፍኩበት» ይላል።