ድምፅ የማታስወጣዋ የሙሽራ መኪና

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሊዲያ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና የመኪና ፎቶ አሳየችኝ። ለሠርጓ ልትከራየው ያሰበችው ነው። ረዥም፣ ከመሬት የተጠጋ፣ ኋላው እንደ ስቴሽን የተዘረጋ፣ ጎማው ሰፊ፣ መስታወቱ ጥቁር። "አባዬ፣ አንተ የድሮ ሾፌር ነህ፤ እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ነው?" አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ስለ ሞተሩ ብቻ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አወራላት ነበር። መኪና ከተነሳ ዝም ማለት አላውቅበትም፤ እናቷ "ስለ እኔ እንዲህ አውርተህ ታውቃለህ?" እያለች ትቀልድብኛለች። ያን ቀን ግን ዓይኔ ጥቁሩ መስታወት ላይ ቀረ። ሊዲያ የአክስቷን ደረት ወርሳለች፤ አቧራና ሽቶ አይስማማትም። "ቆንጆ ነው" አልኳትና ተነስቼ ወደ በረንዳ ወጣሁ። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ማንሳት ጀምሮ ነበር።

እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ እንዲህ ያለች መኪና እነዳ ነበር። የእኔ አልነበረችም። ጋሽ ከድር የሚባሉ የአዳማ ነጋዴ ነበሩ፤ የእሳቸው ሾፌር ነበርኩ። መኪናዋ ሞጆ ደረቅ ወደብ ስትደርስ ሄጄ የተረከብኳት እኔ ነኝ። ነጭ የጀርመን ስቴሽን ናት። ስቴሽን ሲባል ሰው ዕቃ መጫኛ ይመስለዋል፤ የእሷ ኮፋኖ ሥር ግን ስምንት ሲሊንደር ተኝቷል። መሪው አጠገብ "ስፖርት" የሚል ቁልፍ ነበራት። እሱን ስጫነው የማርሚታዋ ድምፅ ይጎረንናል፣ መሪው ይጠብቃል፣ በአየር የሚሠራው አሞርዛተሯም ዝቅ ብሎ ወደ መሬት ያስጠጋታል። ነዳጅ ስሰጣት ጀርባዬን ከወንበሩ ጋር ታጣብቀው ነበር። ኩርባ ላይ ሌላው መኪና ሲዘምም እሷ አስፋልቱን ነክሳ ትዞራለች።

ከሁሉም የሚያኮራኝ ግን መስታወቷ ነው። ድርብ ነበር፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ደግሞ ጥቁረቱን እንጂ ውስጡን አያይም። አዳማ መናኸሪያ በር ላይ ረዳቶች እየተጣሩ፣ ባጃጆች ክላክስ እየነፉ፣ የመኪናዋን በር ስዘጋው ከተማው ሁሉ ጸጥ ይላል። ጓደኞቼን ውስጥ አስቀምጬ ከውጭ የቻልኩትን ያህል እጮህና በሩን ከፍቼ "ሰማችሁ?" እላቸው ነበር። አይሰሙም። መስታወቱን የሠራሁት እኔ ይመስል ደረቴን እነፋ ነበር።

በዚያው ዘመን ታላቅ እህቴ ሂሩት ልታገባ ሆነ። እናታችን ወንጂ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ሂሩት ናት፤ የማውቃት እናት እሷ ናት ብል ማጋነን አይደለም። የምታገባው ገመቹ የመቂ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። ጋሽ ከድር ሲሰሙ "ሙሽሪት በእሷ ትሂድ" አሉኝ። "መሪውን ግን ለማንም እንዳትሰጥ።"

ወሩ ጥር ነበር፣ አቧራውም የጥር አቧራ። ሙሽራዋን ከአዳማ ይዘን፣ መቂን አልፈን፣ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ፎቶ ተነሳን። እዚያው የተጠበሰ ዓሣ በሎሚ በላን። ጎረምሶቹ አረፋ የሚረጭ ስፕሬይ ይዘው ሙሽሮቹን ነጭ በነጭ አደረጓቸው። ሂሩት አንድ ሁለቴ ሳለች። አቧራው ነው ብዬ አለፍኩት፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼ ነው። ከዚያ ወደ መቂ፣ የገመቹ ቤተሰብ ዳስ ጥለው ወደሚጠብቁን መመለስ ነበር የቀረን።

ሙሽራ ቦርሳ አትይዝም። ደንብ ነው፤ ቦርሳዋን የምትይዘው ሚዜ ናት። ሂሩት ለአስሟ ወደ አፏ የምትነፋው መድኃኒት እዚያ ቦርሳ ውስጥ ነበር። የሚዜዎቹ መኪና ደግሞ ባቱ ስንደርስ ጎማዋ ተንፍሶ ጎሚስታ ቤት ቀረች። እኛ አልጠበቅናቸውም። የሙሽራ መኪና መንገድ ላይ አይቆምም ይባላል፤ እኛም ሲባል የሰማነውን አደረግን።

ባቱን ለቀን ጥቂት እንደሄድን ከኋላዬ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። የውጭው ድምፅ ሁሉ ስለተዘጋ ፉጨቱ መኪናውን ሞላው። በመስታወት ሳይ ሂሩት የገመቹን ክንድ ጨብጣ፣ አፏን ከፍታ፣ አየር ትፈልጋለች።

"ዳኒ፣ ቦርሳው!" አለ ገመቹ።

"ሚዜዎቹ ጋ ነው። ደውልላቸው!"

ደወለ። ደጋግሞ ደወለ። "አያነሱም" አለ፤ ድምፁ ተሰባብሮ ነበር።

ወደ ባቱ ልመለስ ብዬ ኋላዬን ባይ አጀቡ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል። ያለኝ ምርጫ ወደ ፊት፣ ወደ መቂ ክሊኒክ መብረር ነበር። ፊቴ ላይ ግን የቪዲዮ ቀራጩ ፒክአፕ አለ። ካሜራ የያዘው ልጅ ኋላው ላይ ተቀምጦ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀርፀናል፤ ሾፌሩም ፊልሙ እንዲያምር እያዘገመ ይሄዳል። መብራት አበራሁለት። ልጁ ሳቀና አውራ ጣቱን አሳየኝ። አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ፤ የአጀቡ ሁሉ ፍሬቻ ድሮም ሲበራ የመጣ ነው፣ ማን ልብ ይለዋል? ክላክሱን ሳልለቅ ያዝኩት፤ ከኋላ ያሉት ሁሉ በክላክስ ተቀበሉኝ። ግራ ቀኝ እያጠማዘዝኩ ልቀድም ስሞክር አጀቡም እኔን እያየ መጠማዘዝ ጀመረ። መንገዳችን ላይ የጨነቀው ሾፌር የሚያደርገውን ሁሉ የሠርግ ሾፌር ከደስታ ብዛት ያደርገዋል። ያን ቀን ነው ይህ የገባኝ፤ አምላኬን "ሌላ ምልክት የለህም ወይ?" ብዬ የጮህኩትም ያን ቀን ነው።

በመጨረሻ በቀኝ በኩል ወደ ኮረቱ ወረድኩና "ስፖርት" የሚለውን ተጫንኩ። መኪናዋ አጎነበሰች፣ ጮኸች፣ ፒክአፑን ጥላው ሄደች። ምን ያህል እንደሮጥን አላውቅም። በሕይወቴ ቆጣሪ ሳላይ የነዳሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የቲማቲም ማሳውና የውኃ ፓምፖቹ በጎናችን እንደ አረንጓዴ መስመር አለፉ። "ያዛት! አናግራት!" እላለሁ። ገመቹ በኦሮምኛም በአማርኛም ይለምናታል። ቀይ በተቀባው ከንፈሯ ዙሪያ ቆዳዋ ወደ ሰማያዊ ዞሮ ነበር።

መቂ መግቢያ ላይ ከተማው ወጥቶ ይጠብቀናል። የሽንኩርት ጆንያ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሯል፤ ጫኝና አውራጆቹ ሥራ አቁመው፣ ባዶ ማዳበሪያ እንደ ቆብ አናታቸው ላይ ደፍተው ይጨፍራሉ። ገመቹ ልጃቸው ነው፣ የሚጭኑት የአባቱን ሽንኩርት ነው። መኪናዋን ከበቧት። ኮፋኖዋን መቱ፣ መስታወቷን ሳሙ። ውስጥ ሆነን እንጮሃለን፤ አይሰሙም። ሊያዩን ይጠጋሉ፤ ጥቁሩ መስታወት ላይ የሚያዩት የራሳቸውን ፊት ነው። ከራሳቸው ፊት ጋር ይስቃሉ፣ ይጨፍራሉ፤ እህቴ ከመስታወቱ ወዲህ ትሞታለች።

ገመቹ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ አንዱ በደስታ አረፋውን ረጨበት። ቶሎ ዘጋው። ሂሩት በስፕሬዩ ሽታ ደረቷ ጭራሽ ተቆለፈ፤ ፉጨቱም ቆመ። ፉጨቷን ስሰማ ፈርቼ ነበር፤ ፉጨቱ ሲጠፋ ግን መሪውን ለቀቅኩ።

በሩን በሰው ላይ ገፍቼ ወጣሁ። ጮህኩ፤ ጭፈራው ዋጠኝ። ያኔ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ኮፋኖው ላይ የታሰረውን አበባ በሁለት እጄ ይዤ ነቀልኩት። ሪባኑን በጠስኩት፣ መሬት ላይ ጣልኩት። የሙሽራ መኪና አበባ የሚነቀለው ሙሽሮቹ ቤት ከገቡ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ሲነቀል ያየ የለም። አጠገቤ እልል ትል የነበረች ሴት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። ዝምታው ከእሷ ጀምሮ ወደ ኋላ ተዛመተ።

ገመቹ በሩን ከፍቶ "ካራ ገድ ዲሳ!" ብሎ ጮኸ፤ መንገድ ልቀቁ ማለቱ ነው። "ትንፋሿ ተቋርጧል!"

ጫኞቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሰዉን ገፉልኝ። ነዳሁ። ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ ክሊኒኩ ስታጠፍ ግን የመኪናዋ ሆድ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ለፍጥነት ብዬ መሬት ያስጠጋኋት መኪና ናት፤ መቂ ደግሞ ቦይ እንጂ የውድድር ሜዳ የላትም። የማንሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀስ ብላ፣ እየተኩራራች፣ መነሳት ጀመረች። ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበት አንዲት ስንዝር ከፍ እስክትል ልጠብቅ ነው!

አንድ ግዙፍ ጫኝ ከኋላችን ሮጦ ደረሰ። "ተዋት መኪናዋን! ለእኔ ስጣት!" አለ። ሂሩትን ከነቬሎዋ ትከሻው ላይ አደረጋት፣ ሽንኩርት እንደሚሸከም አድርጎ፣ እናም ሮጠ። እኔና ገመቹ ባዶ እጃችንን ሆነን አልደረስንበትም።

የክሊኒኩ ነርስ የመድኃኒቱን ጭምብል አፏ ላይ አደረገችላት። እኔ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ የሂሩትን ጫማ ይዣለሁ፤ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። "ሁለተኛ እናት አትውሰድብኝ" እያልኩ ነበር፤ ገመቹ ነው በኋላ የነገረኝ። ከዚያ ፉጨቱ ተመለሰ። ያን ፉጨት የመሰለ ዜማ ሰምቼ አላውቅም።

የጫኙ ስም ቱፋ መሆኑን ያወቅነው በማግስቱ ነው። ጋሽ ከድር የአበባው ሽቦ ኮፋኖዋን የፋቀበትን በጣታቸው ዳሰሱና "አላህ አተረፋት" አሉ። በቤታችን ግን ይህ ታሪክ የሚወራው እንደ ቀልድ ነው። ሂሩት በጀርመን መኪና ተነስታ በሰው ትከሻ የገባች ሙሽራ እየተባለች ይሳቃል። እኔ አብሬ ስቄ አላውቅም። ዛሬም የሠርግ አጀብ ባለፈ ቁጥር ሰው ሁሉ መኪናውን ያያል፤ እኔ ሙሽራዋን እፈልጋለሁ። መስታወቱ ጥቁር ከሆነ አጀቡ አልፎ ክላክሱ እስኪጠፋ ድረስ ከቆምኩበት አልነቃነቅም።

እሑድ ሂሩት ለሠርጉ የሚሆን ሽንኩርት አስጭና ከመቂ መጣች። ጠጉሯ ሸብቷል። ሊዲያ ስልኳን አሳየቻት፤ ሂሩት መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። መኪናውን አትከራዪው ትላለች ብዬ ነበር።

"ያምራል" አለች። "ቦርሳሽን ማን ይይዘዋል?"

"ሚዜዬ ናታ፣ አክስቴ። ሙሽራ ቦርሳ ትይዛለች እንዴ?"

ሂሩት ስልኩን መለሰችላትና እጇን ያዘቻት።

"ያዢው" አለቻት። "ሙሽራም ትተነፍሳለች።"