የመውቂያው ክዳን

በደርግ ጊዜ፣ ከሸሕዲ ወዲያ በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ፣ በማሽላ መውቂያ ማሽን ላይ እሠራ ነበር። ከአስተዳደርም ከሠራተኛም የተውጣጣ የደኅንነት ኮሚቴ ነበረን። እኔ የሠራተኛው ተወካይና ጸሐፊው ነበርሁ።

ደንቡ የማሽኑ ቀበቶ በብረት ክዳን ይሸፈን ይላል። ክዳኑስ ነበረ። ግን ገለባ በተወተፈ ቁጥር እሱን መፍታት ሥራ ያጓትታል ተብሎ መጋዘን ተቀመጠ። ተቆጣጣሪው ከጎንደር የሚመጣ ዕለት አቧራውን አራግፈን እንገጥመዋለን። ሰውየው ቀለሙ እንኳ እንዳልተላጠ አይቶ፣ «አያያዛችሁ ያስመሰግናል» ይለናል። እኛ ደግሞ ሳናፍር እናጨበጭባለን። መኪናው ከግቢ እንደወጣ ክዳኑ ይፈታል።

አንድ ቀን ከጎጃም ለአጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ብናኙን ለመከላከል አፉን በኩታው ጠቅልሎ ማሽላ ሲያጎርስ፣ የኩታውን ጫፍ ቀበቶው ያዘው። ላስለቅቅ ብሎ እጁን ሰደደ። ማሽኑን እስክናጠፋው ቀኝ ክንዱ ሄዷል።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢያችን ሥራ አስኪያጁ ነበሩና፣ «ኩታ ለብሶ ማሽን መጠጋት የራሱ ቸልተኝነት ነው» አሉ። ክዳኑ የት ነበር ብሎ መጠየቅ የኔ ፈንታ ነበር። ምን እላለሁ፣ ፈራሁ። ያሉትን ሁሉ አሳምሬ ጻፍሁት።

ተጎጂው ይፈርምበት ተብሎ ወረቀቱን ሐኪም ቤት ወሰድሁለት። ማንበብ አይችልም።

«የጻፍኸው አንተ ነህ?» አለኝ።

«አዎ።»

«የኛው ሰው ከጻፈውማ» ብሎ የግራ አውራ ጣቱን ዘረጋልኝ።